ከፍ አድርገህ ግፋው

ምንዳዬ ባለጋሪው ስደውል ይስቃል፤
«ደሞ ወዴት ልንሄድ?» ብሎ ይጠይቃል።
ስምንተኛ ጉዞ፤ እሱ ነው የሚቆጥር፣
እኔ ካምስት ወዲህ ቁጥሩን ትቼው ነበር።
ዳማ ፈረሱ እንኳን ጠረኔን ለምዷል፣
አልጋዬ ሲፈታ ጆሮውን ያቆማል።

ሰው ያዝንልኛል።
«አይ የኪራይ ኑሮ! ምስኪን አስተማሪ!
መቼ ነው ሥር ሰደሽ እንደ ሰው ምትኖሪ?»
አንገቴን ደፋ አርጌ «አዎን» እላለሁ፣
ሳቄን በነጠላ ጫፍ እደብቃለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ለወረቀት፦
እወዳታለሁ እኔ የመልቀቂያዋን ዕለት።
አልጋው ከግድግዳ ፈቀቅ ያለ ለታ
የጠፋብኝ ሁሉ ይወጣል በተርታ፦
በነሐሴ ያለቀስኩላት ጉትቻ፣
የቀይ እስክሪብቶ ክዳን፣ ክዳኑ ብቻ፣
ከነአቧራዋ አንዲት የሻይ ማንኪያ፣
የሰባተኛ ቢ የፈተና ወረቀት።
(ይቅር በለኝ ሞላልኝ፣ «አልሰጠኸኝም» ያልኩህ፤
ስምንት ከአሥር ነበር፣ አልጋ ሥር ነው ያረምኩህ።)

የደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ይመስለዋል
ባንድ ጣራ ተወልዶ ባንድ ጣራ ያረጀ።
የበሬሳው ዳር ብርድ ከእግር ነው ሚነሣ፣
የጠባሴው ደግሞ በጆሮ፣ ሲያገሣ፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጓሮ ሱፍ ይሸታል፣
የሥላሴው በር ግን ከደወል ጋር ይመጣል።

አከራዮቼም እንዲሁ ናቸው።
እማማ ሸዋዬ አምፖል ይቆጥራሉ፣
ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪ ያጠፋሉ፤
በጨለማ ፀጉሬን መሥራት የተማርኩት
እሳቸው ግቢ ነው፣ አሁንም አልረሳሁት።
አቶ ድንበሩ ቤት ክልክል ነው እንግዳ፤
ሚስታቸው ግን ማታ ባጥሩ ቀዳዳ
እሸት ባቄላ ታቀብለኝ ነበር፣ የማይጨረሰው፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድንገት ቢመጣ ሰው።»

ደሞ የመጀመሪያው ሌሊት! እጄ ሲደናበር፣
ማብሪያውን ሲፈልግ የድሮው ቤት ነበር።
ቤቱ በጨለማ «ማን ነሽ አንቺ?» ሲለኝ፣
«ገና አልወሰንኩም» ለማለት ድፍረት ያለኝ
ያን ሌሊት ብቻ ነው።
በማግስቱ ጎረቤት ስሜን ይጠይቃል፣
ያ ሁሉ ነፃነት በ«አስካለ ነኝ» ያልቃል።

ስወጣ ግን አንድ ልማድ አለኝ።
ቤቱን እጠርጋለሁ። ጨው በቁራጭ ፌስታል፣
ከጎኑ ክብሪት፤ ባዶ ቤት ይከፋል።
ከበሩ ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ፣
ለማላውቀው ተከራይ ምክር እተዋለሁ፦
«ቁልፉ ሁለቴ ይዞራል። ከፍ አድርገህ ግፋው።
ዝናብ ከመጣ አልጋህን ከጥጉ አርቀው።»

ዘንድሮ ቤት ጠፋ። ደላላው ቢዞር ቢዞር
ያገኘው አንድ ነው። ምንዳዬ ጋሪውን ሲያዞር
ወደማውቀው ጉልት፣ ወደማውቀው አጥር፣
«ይሄማ» አለና ሳቀ፣ «ሁለተኛው ነበር።»

ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።
ወደ ኋላ መሄድ መሄድ ይባል ይሆን?
ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ። ከፍ አድርጌ ገፋሁ።
ከበሩ ጀርባ እርሳሴን ፈለግሁ፤
አለ፣ ደብዝዞ። ከሥሩ ግን ሌላ እጅ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፦
«ሰኔ ላይ በትከሻ ነው።»
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የሕፃን መሰለኝ፣ ፊደሉ የተንጋደደ፦
«አይጧ አትናከስም። ስሟ ብርቄ ነው።»
ከዚያ ደሞ፣ የተረጋጋ፣ የትልቅ ሰው ጽሑፍ፦
«ጣራው ተጠግኗል፤ አልጋው የትም ይሁን።
አዲሷ ጎረቤት፣ እትዬ ይመኙሻል፣
ልጃቸውን ቀብረዋል። ማታ ማታ
ሰላም በሏቸው።»

ምንዳዬ አልጋዬን በጀርባው ተሸክሞ
«የት ላድርገው?» ይለኛል፣ በሩ ላይ ቆሞ።
እርሳሱ በእጄ ነው፤ ቦታ አለ ከታች፣ አንድ መስመር፣
ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም ገና።
«ቆየኝ አንድ ጊዜ» አልኩት፣
«ጎረቤቴን ሰላም ልበላቸውና።»